አበቦችሽ ቤት ገብተዋል

ለውዷ ባለቤቴ፣ ለዘሀራዬ

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። እንጦጦ ላይ ጉሙ ዛሬም ረፋድ ሳይሆን አይነሳም፤ የቀበና ወንዝ ሲሞላ ድምፁ እስከ ግቢያችን ይሰማል። እኔ ደህና ነኝ። ልጃችን ሰሚራም ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ይህን የምጽፍልሽ ላለቅስልሽ አይደለም፤ እሱን በጊዜው አድርጌዋለሁ። የአበቦችሽን ወሬ ይዣለሁ፣ ከአንቺ የበለጠ ደግሞ ይህን ወሬ መስማት የሚገባው ሰው የለም።

ሰው ሁሉ ኦርኪድ ብሎ ያልፋቸዋል። አንቺ ግን ሚልቶኒዮፕሲስ የሚለውን ረጅም ስማቸውን እንደ ሰፈር ልጅ ስም ነበር የምትጠሪው። ምግብ ታበስዪላት የነበረችው ፈረንጅ አስተማሪ አብዮቱ ሲፈነዳ ወደ አገሯ ልትመለስ ዕቃዋን ስታከፋፍል፣ እኔ ፍሪጁን ትመርጫለሽ ብዬ የጭነት መኪና ይዤ መጥቼ ነበር። አንቺ እነዚህን ተክሎች መረጥሽ። ጋቢና ውስጥ ጭንሽ ላይ ደርድረሻቸው፣ ጉድጓድ ባየሽ ቁጥር "ቀስ በል ከድር" እያልሽ ቤት ደረስን። ተናድጄ እንደነበር ታውቂያለሽ። ከጥቂት ወራት በኋላ የመጀመሪያው አበባ ሲከፈት ግን፣ ያን ሰፊ ነጭ ፊቱን፣ መሐሉ ላይ ቀይ ወይን ጠጅ የፈሰሰበት የሚመስለውን፣ ቆሜ ሳየው ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት የሚሰጠው ሽታ ደግሞ ጽጌረዳ ይመስላል ብለሽኝ፣ እኔ የናፍጣ ሽታ የለመደው አፍንጫዬ አይለይም ብዬሽ ነበር። ይለያል። ዋሽቼሽ ነው።

ጓሮ ዳስ አሠራሽኝ፤ ምሰሶው ባሕር ዛፍ፣ ጣራው ጆንያ። ሙቀት ይጠላሉ፣ የቀበና ብርድ ግን ይስማማቸዋል አልሽኝ። ፀሐይ በቀጥታ ካገኛቸው ቅጠላቸው ይቀላል፣ የቧንቧ ውሃ ደግሞ የቅጠሉን ጫፍ ያቃጥለዋል ብለሽ ከአሸንዳው ሥር በርሜል አስቀመጥሽ። ጎረቤቱ ለሳሙናና ለስኳር ቀበሌ ሱቅ ሲሰለፍ፣ ዘሀራ ለአበባ የዝናብ ውሃ ታጠራቅማለች ተብሎ ተሳቀ። አንቺም አብረሽ ሳቅሽ፣ በርሜሉን ግን አላነሳሽም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ እኔ የአሰብ መስመር ላይ ስለነበርኩ፣ እትዬ አልማዝ ሳልጠይቃት ውሃ ላጠጣልህ አለችኝ። አጥር የምንጋራትን አልማዝ ማለቴ ነው፤ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ ከልጆቿ ጋር ቤቷ ውስጥ ድምፅ ቀንሳ ነው የምትጸልየው። አንድ ጊዜ ከአሰብ ስመለስ ቅጠሎቹ ሁሉ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፈው አገኘኋቸው። ቅጠል ሲጨማደድ ተጠምቷል ማለት ነው ትዪኝ ስለነበር ባልዲ አነሳሁ። ከማፍሰሴ በፊት የተተከሉበትን ጣሳ በእጄ ስነካው ግን ርጥብ ነው፣ ሲያነሱት ደግሞ ከባድ ነው።

ዘሀራ፣ እኔ ሾፌር ነኝ። ታንከሩ ሞልቶ ሞተሩ አልነሳ ካለ ነዳጅ አልጨምርም፤ ነዳጁ የሚያልፍበትን መስመር ነው የማየው። አንዱን ከጣሳው አወጣሁት። ሥሩ ቡናማ ሆኖ በእጄ ላይ ይሟሽሻል። ውሃው ነበረ፣ የሚጠጣበት አፍ ግን በስብሶ ነበር። የበሰበሰውን በእሳት ባሳለፍኩት መቀስ ቆረጥኩ። ከዚያ ጆንያ ይዤ እንጦጦ ወጣሁ፣ ከወደቀ ጥድ ላይ ቅርፊት ፈልፍዬ፣ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ያን ለስላሳ አረንጓዴ ነገር ሰብስቤ ወረድኩ። ከሰል ሰባብሬ ጨመርኩበትና እያንዳንዳቸውን ከበፊቱ ባነሰ ጣሳ ውስጥ ተከልኳቸው። ሁለቱ አልዳኑም። ሌሎቹ ከሳምንታት በኋላ ነጭ የሥር ጫፍ አወጡ።

አልማዝ ስትሰማ ገደልኩብህ ብላ ተቀምጣ አለቀሰች። ሰው በደግነት ሲያበዛ የሚሆን ነው አልኳት፤ ጣሳውን እያነሳች ክብደቱን እንድትለይ፣ ቀለል ሲል ብቻ እንድታጠጣ አሳየኋት። ያን ቀን ሰሚራ ከጓዳ መስኮት ታየን ነበር። ከቀብርሽ በኋላ ወደ ዳሱ አንድም ቀን አልገባችም። ብጠይቃት "አባዬ፣ እነሱን ሳይ የእማዬ እጅ ነው የሚታየኝ" አለችኝ። ተውኳት። ልጅን በግድ ወደ ሐዘኗ አይመልሷትም።

ከዚያ ድርቁ መጣ። የድርጅታችን ሾፌሮች በሙሉ ወደ ወሎ እህል እንድናመላልስ ታዘዝን። እዚያ ያየሁትን አልጽፍልሽም፤ አንቺ ለሰው ከብት እንኳ የምታዝኚ ሰው ነበርሽ። ጫንን፣ አደረስን፣ ቤታችንን ሳናይ ከናዝሬት ደግመን ጫንን። አበቦቹ ትዝ አላሉኝም ማለት ይቻላል። በዚህ እንደማትቀየሚኝ አውቃለሁ። እኔ ያላወቅኩት ነገር፣ ያን ሰሞን አልማዝ እህቷን ልታስታምም ነቀምት ሄዳ ነበር።

ለእረፍት ስለቀቁን፣ በልጉ ሊያልቅ ሲል፣ ቤት ደረስኩ። ሰላምታ ሳልሰጥ በግቢው በኩል ዞሬ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ዳሱ ወድቋል። በረዶ የቀደደው ጆንያ መሬት ላይ ተነጥፏል፣ ምሰሶው ተጋድሟል። ጣሳዎቹ የሉም። አንድም የለም። ወሎ ላይ ያላነባሁት ሰውዬ እዚያች ባዶ ቦታ ላይ ተቀምጬ አነባሁ።

ሰሚራ ድምፅ ሰምታ ወጣች። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች አየችኝና ምንም ሳትደነግጥ "ጫማህን አውልቅና ግባ" አለችኝ። አስከትላኝ ወደ አንቺና ወደ እኔ ክፍል ሄደች። ከሞትሽ ወዲህ ቆልፌው ሳሎን ሶፋ ላይ ነበር የማድረው። አሁን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መጋረጃው ታጥቦ ወደ አንድ ጎን ተሰብስቧል፣ በእንጦጦ በኩል ባለው መስኮት ሥር ጠረጴዛ ተስቧል። ጣሳዎቹ በሙሉ እዚያ ላይ ናቸው፣ ጠጠርና ውሃ ባለበት ሰፊ ትሪ ላይ ተደርድረው። አንዱ አብቦ ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል።

የሆነውን ቁጭ ብላ ነገረችኝ። በረዶው ሲጀምር ብቻዋን ነበረች። ቆርቆሮው ሲንኳኳ፣ የዳሱ ጆንያ ሲቀደድ ሰማች። ሳታስበው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ሮጠች፤ እየተመላለሰች ሁሉንም አስገባቻቸው። ሳሎኑ ጨለማ ሆነባት፣ ወጥ ቤቱ ሙቀት ሆነባት። ፀሐይ ሳይመታው ብርሃን የሚገባበት መስኮት ያለው ያ ክፍል ብቻ ነው። ቁልፉን ከኮቴ ኪስ ፈልጋ ከፈተችው።

"የከፈትኩት ለእነሱ ብዬ ነበር፤ ከገባሁ በኋላ ግን መውጣት አቃተኝ" አለችኝ።

አልጋሽ ላይ ተቀምጣ እንደ ልቧ አለቀሰች፣ እዚያው ተኛች። ሲነጋ ተነስታ ክፍሉን ጠረገች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ የእሷ ሆነ። ይህን የብርሃን፣ ይህን የጠጠርና የውሃ ነገር ማን እንዳስተማራት ስጠይቃት ፈገግ አለች። "እማዬ ከአበቦቿ ጋር ስታወራ እየሰማሁ ነው ያደግኩት" አለች። "ለእነሱ የምታወራ መስሎኝ ነበር። ለካ ለእኔ ነው።"

ወጥቼ የቀረውን ምሰሶ ነቃቀልኩ። ዳሱን መልሼ አልሠራሁትም፣ አያስፈልግም።

አሁን እንግዳ አናጣም። ከሾላ ገበያ የሚመለሱ ሴቶች ዘንቢላቸውን በረንዳ ላይ አስቀምጠው ያያሉ። የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበርም መጥታ ለበዓሉ ስብሰባ አዳራሽ አበባ እንድንቆርጥላት ጠየቀች። እምቢ ማለት በዚህ ዘመን ቀላል አለመሆኑን ታውቂያለሽ። ሰሚራ ግን ዓይኗን እያየች፣ ጓድ፣ ይሄ አበባ ከተቆረጠ ለስብሰባው አይደርስም፣ ተክሉ ላይ ከቆየ ግን ከወር በላይ ይኖራል፣ እዚህ እየመጡ ይዩት አለቻት። ሴትየዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሻይ ጠጥታ፣ አበባውን ጎንበስ ብላ አሽትታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች፣ ስለ መቁረጥ አላነሳችም።

አበባው ሲረግፍ አንዱን ትልቅ ተክል ለሁለት ከፍለን ግማሹን ለአልማዝ ሰጠናት። ከነቀምት ስትመለስ ወሰደችው፤ አዲስ ቡቃያ አውጥቶላታል፣ ጣሳውንም ሳታነሳ አንድ ጠብታ አትጨምርበትም። ሰሚራ ፈተናዋን አልፋ ግብርና ኮሌጅ ተመድባለች፣ መስከረም ላይ ትሄዳለች። እኔም የከተማ ውስጥ ጭነት ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፣ ስለዚህ ማታ ማታ ቤቴ ነኝ። እሷ ስትሄድ አበቦቹን ብቻዬን እይዛቸዋለሁ። እችላለሁ። እጄ ከመሪ ሌላ ነገር መያዝ ተምሯል።

አንድ ነገር ብቻ ያናድደኛል። ሰፈሩ ውስጥ "የጋሽ ከድር አበባ" የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። በሰማሁ ቁጥር አስተካክላለሁ፤ የእኔ አይደለም፣ የዘሀራ ነው እላለሁ። አዲስ የገባ ሰው ካለ ዘሀራ ማን ናት ብሎ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ የቱንም ያህል ጭነት ብይዝ፣ የቱንም ያህል ብቸኩል፣ መኪናዬን ዳር አስይዤ ሞተሩን አጥፍቼ እነግረዋለሁ። አላህ ዕድሜ እስከ ሰጠኝ ድረስ ያን ጥያቄ ሳልመልስለት የማልፈው ሰው አይኖርም።

ባልሽ ከድር
ቀበና