የናሲሞ በር

…ከዚያ፣ ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ከጎኔ ተነስተህ፣ አንድ እግርህን ጫማ ውስጥ፣ ሌላውን በካልሲ ሲሚንቶው ላይ አድርገህ ሰዓትህን ስታይ ትዝ ይለኛል። ምን እንዳልከኝ ግን አላስታውስም። ይቅር። ሰላምታ ሳላቀርብ ጀመርኩ።

ወዳጄ፣ እንዴት ከርመሃል? ደም ግፊትህስ? ባለቤትህና ልጆችህ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ሙቀቱን ካልቆጠርነው፣ ሰኞ ችሎት ላይ አንተን ማየቴንም ካልቆጠርነው።

ሸሚዝህ እንኳ ሳይጨማደድ ዋሸህ። ሰው ሲዋሽ ቢያንስ ያልበው ነበር፤ ያውም ድሬ ላይ።

ደንበኛዬ ናሲሞ ቀፊራ ገበያ ሎሚ ትሸጣለች። ለአንዲቷ ክፍሏ የላሜራ በር ከድርጅትህ በዱቤ ወሰደች። ሁለት ወር ሳትከፍል ስታሳልፍ ሰዎችህ በሩን ከነማጠፊያው ነቅለው ጫኑት። ይህ ሳያንስ ለቀሪው ከሰሳችኋት። በሌለችበት ተፈረደባት። መጥሪያ አልደረሳትም እያለች ነው። አንተ ግን፣ የድርጅቱ ነገረ ፈጅ፣ ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት መጥሪያውን ራሴ በቤቷ በር ላይ ለጥፌአለሁ ብለህ በጽሑፍ ምለሃል።

በር ላይ።

ናሲሞ ለዳኛዋ ያለችውን አልረሳህም። ወላሂ ዳኛዬ፣ በሬን እነሱ ወስደውታል፤ ወረቀቱ እዚያ ላይ ካለ መጋዘናቸው ሄደው ያንብቡት አለች። ፖሊሱ ሳይቀር ሳቀ። አንተ ተነስተህ፣ በሩ የተነሳው ከመጥሪያው በኋላ ነው አልክ። የመረከቢያ ወረቀታችሁ ቀን የለውም። ቀን ለምን እንደማይጻፍ አንተም እኔም እናውቃለን። አሁን በበሩ ቦታ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ነፋስ ሲያነሳው አልጋዋ ከመንገድ ይታያል።

ዳኛዋ ለማክሰኞ ቀጠረችን። በዚያ ሰዓት እዚያ እንዳልነበርክ የሚመሰክር ሰው ካልመጣ ክፍሏ በሐራጅ ትሸጣለች። በር የገዛች ሴት ቤት ታጣለች ማለት ነው። ይህን ሠርተህ ማታ ልጆችህን የቤት ሥራ ታስጠናለህ።

ዘጠኝ ሰዓት። የበርጫ ሰዓት። ከተማው ሁሉ ጫቱን ይዞ ተጋድሞ። በዚያ ሰዓት ድሬ ላይ መጥሪያ ይዞ የሚዞር ነገረ ፈጅ የለም። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የሚታይ ወንድ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ…

ሌላ ሰዓት መጻፍ አቃተህ? ሌላ ቀን? ወይስ እኔ ዝም እንደምል እርግጠኛ ነበርክ? ይህን ሳስብ የምንቀው አንተን ብቻ አይደለም።

ዛሬ ጠዋት የናሲሞን ጉዳይ ለባልደረባዬ ለሙመድ አስረከብኩ። ናሲሞ ተቆጣች። አቦ፣ አንቺ ጠበቃ ነሽ ወይስ ነፋስ? አለችኝ። ጠበቃ በያዘው ጉዳይ ምስክር መሆን አይችልም፤ ይህን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል።

ከማክሰኞ በፊት ለባለቤትህ የምትነግራት ካለህ ንገራት። ከሌላ አፍ አትስማው።

ልጆችህን ይባርክልህ። ቤትህን በር አያሳጣው። ለምላስህም ምሕረት ያውርድለት።

በሰው ፊት «የትምህርት ቤት ጓደኛዬ» የምትላት

ደግሞ፦ ባለቤቴ አሁን ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ስንት መስመር እንዳነበበ አላውቅም። ምሳ ላቅርብልህ? አልኩት። የውጭው በር ተዘጋ።