ስሟን እስክትጨርስ ያልተጠበቀችው ድምፃዊት

ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ

ከ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሙዚቃ መምህርት (በአሁኑ ጊዜ ከሥራ የታገድኩ)

ቀን፦ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ

ጉዳዩ፦ ምክትል ርዕሰ መምህሩ የተማሪዎቹን የውጭ አገር የሙዚቃ ጉዞ እንዳይመሩ እንዲታገዱና ስለፈጸሙት በደል እንዲቀጡልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ጊዜዎን ስለምወስድ አስቀድሜ ይቅርታዎን እየጠየቅኩ፣ ይህ አቤቱታ የዕርቅ ማመልከቻ አለመሆኑን ከወዲሁ ለማስታወቅ እወዳለሁ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ባልደረቦቼን አማላጅ አድርገው ደጋግመው ልከውብኛል። «ተይ፣ ነገር አታክርሪ» ብለውኛል። ነገሩን ያከረሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔ የያዝኩት ጫፉን ነው። አልለቅም።

1. በዚህ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል። የውጭ አገሩ ትምህርት ቤት የኳየር መሪ አንድ ጊዜ በእንግድነት መጥተው፣ ልጆቻችንን ሰምተው «አዳራሻችን ይጠብቃችኋል» ካሉበት ዕለት ጀምሮ ጉዞውን ያቀድኩት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ምስጋና ፈልጌ ሳይሆን በኋላ የመጣው ነገር በቅጡ እንዲገባዎት ነው። ወላጆችን በተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ ሰብስቤ አነጋግሬያለሁ። «ልጄ የማታውቀው ሰው ቤት እንዴት አድርጋ ታድራለች?» ብለው አሻፈረኝ ያሉ የታክሲ ሾፌር አባት ነበሩ፤ እሳቸውን እስካሳምን ደጅ ጠንቻለሁ። ማን ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ማን ለውዝ እንደማይስማማው፣ ማን አውሮፕላን እንደሚፈራ በቃሌ ይዤ ነበር። የአዳራሹን የመድረክ ስፋት በስልክ ጠይቄ፣ ልኩን በጂምናዚየሙ ወለል ላይ በጠመኔ አስምሬ፣ ልጆቹ አገባባቸውንና አቋቋማቸውን እዚያ ላይ ተለማመዱ።

2. ምክትል ርዕሰ መምህሩ (ከአንገታቸው በማይለየው ፊሽካ የተነሳ ተማሪዎች «ፊሽካ» ነው የሚሏቸው) በዚያን ጊዜ ሁሉ ይህን ሥራ «ሽርሽር» ይሉት ነበር። የልምምድ ክፍለ ጊዜያችንን ወስደው ለስፖርት ሰጡብን፤ ልጆቹ ምሳቸውን እየጎረሱ ተለማመዱ። ቪዛው ሲወጣና የአቀባበል ግብዣ መኖሩ ሲሰማ ግን «የልዑኩ መሪ እኔ ነኝ» ብለው ብቅ አሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። እሱንም ለልጆቹ ስል ዋጥ አደረግኩት።

3. ያልዋጥኩትና የማልውጠው የሚከተለውን ነው። የኳየራችን ዋና ድምፃዊት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቡድኑ መድረክ ላይ የሚለብሰውን በሙሉ የሰፉልን እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ስትናገር ትንተባተባለች። ስትዘፍን ግን ቃሉ እንደ ውሃ ይወርድላታል። ትልቁ ዜማችን የሚከፈተው ያለ ምንም መሣሪያ፣ በእሷ ድምፅ ብቻ ነው። ቦታውን የሰጠኋት አዝኜላት አይደለም። ከእሷ የሚሻል የለንም፤ ይኼው ነው።

ባለፈው ዓመት፣ በመነሻችን ዋዜማ ሳምንት ምክትሉ ልጆቹን በመምህራን ማረፊያ ክፍል አሰልፈው፣ እንደ ኢሚግሬሽን ሠራተኛ ጠረጴዛ ይዘው ተቀመጡ። «ልምምድ ነው» አሉ። «ስም? ለምን መጣህ? ቀጥል!» የእሷ ተራ ሲደርስ የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ከንፈሯ ላይ ተጣበቀ። ምክትሉ ሰዓታቸውን አዩ። ልጅቷ መውጫ ቢጠፋት ስሟን በዜማ አለችው፤ ጥርት አድርጋ።

«ወፍ ነሽ እንዴ አንቺ?» አሉና ፊሽካቸውን ነፉባት። ከኋላ የሳቁ ነበሩ። «ስምሽን ተናግረሽ እስክትጨርሺ አውሮፕላኑ ደርሶ ይመለሳል! አገር ልታሰድቢ ነው የምትሄጂው?»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ፊቷን አይቻለሁ። ክቡር ሆይ፣ ዛሬም አየዋለሁ።

4. በማግስቱ እሷ ቀርታ የምክትሉ ባለቤት እህት ልጅ ገባች፤ አንድም ቀን ልምምድ ላይ ያላየናት ልጅ። መክፈቻውንም እሷ ትዝፈነው ተባለ። ቢሯቸው ገብቼ ስጠይቃቸው፣ የእናታቸው ታናሽ ልሆን የምችለውን ሴት፣ አንቺ እያሉ «ካልተስማማሽ ጉዞው ይቀራል። እንደፈለግሽ» አሉኝ።

ለልጅቷ እናት ልነግር ሄድኩ። ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ «ይሂዱ መምህር። የሌሎቹ ልጆች ምን አጠፉ? ልብሱንም ይውሰዱት» አሉኝ። አንድ በአንድ አጣጠፉት። የልጃቸውን ለይተው አስቀሩ። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች፤ እግሯ ይታየኛል፤ አልወጣችም። እኔም አልጠራኋትም። ምን ልላት?

5. በውጭ አገሩ አዳራሽ ሰው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እጄን አነሳሁ። የፊቱ ቦታ ላይ ቆማ የነበረችው የምክትሉ ዘመድ ወደ ኋላ ተመልሳ ከልጆቹ መሐል ገባች። ይህችን ልጅ አልከስም፤ ከሁላችንም ቀድማ ያፈረችው እሷ ናት። ቦታው ባዶ ቀረ። ማንም ድምፅ አላወጣም። እኔ እጄን አላወረድኩም፤ ያ የመክፈቻ ዜማ የሚወስደውን ጊዜ ያህል ዝምታውን መራሁት። ከዚያ ልጆቹ በሚገቡበት ገቡ፤ እስከ መጨረሻውም አንዲት ድምፅ ሳይስቱ ዘፈኑ።

ጭብጨባው ሲበርድ የጋበዙን የኳየር መሪ ማይክሮፎን ይዘው፣ በአስተርጓሚ «ያቺ ባዶ ቦታ የማን ናት?» ብለው ጠየቁ። ምክትሉ ከፊት ወንበር ተስፈንጥረው ወጡና ማይክሮፎኑን ተቀበሉ።

«ታማብን ነው የቀረችው። ሁላችንም በጣም አዝነናል» አሉ።

ይኼኔ ኳየሩ በአንድ ድምፅ «አልታመመችም!» አለ።

ክቡር ሆይ፣ አንድ ላይ መጀመርን ለማስተማር ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ እንደዚያ አሳምረው የጀመሩበትን ቀን ግን አላስታውስም። አስተርጓሚው ምክትሉን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ ከዚያም ተረጎመው። ምክትሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ «እ... እኔ... እ...» ከማለት በቀር ቃል አልወጣላቸውም። ማንም ፊሽካ አልነፋባቸውም። ደስ አለኝ። ከእርስዎ ለመደበቅ አልሞክርም፤ ጮቤ ነው የረገጥኩት።

6. ስንመለስ ምክትሉ «ተማሪዎችን አሳምፃለች» ብለው ከሰሱኝና ከሥራ አሳገዱኝ። እኔ ልጆቹን አላዘዝኳቸውም። አዝዤ ቢሆን ኖሮም አልክድም ነበር፤ እኮራበታለሁ እንጂ። የሙዚቃ ክፍሉ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆኗል፤ ወንበሮቹ ፒያኖው ላይ ሳይቀር ተደርድረዋል። ልጅቷ መዝፈን ትታለች። ጓደኞቿ ቤቷ ድረስ ሄደው ያደረጉላትን ሲተርኩላት ትስቃለች ብለው ነበር የጠበቁት። እናቷ እንደነገሩኝ ግን ሰምታ ስትጨርስ ዕቃ ልታጥብ ተነሳች።

አሁን ደግሞ የውጭ አገሩ ትምህርት ቤት ለሚቀጥለው ዓመት በድጋሚ ጠርቶናል፤ «የቦታዋን ባለቤት ይዛችሁ ኑ» ብሏል። ጉዞውን ማን እያቀደ ነው ቢሉ እሳቸው! በመምህራን ስብሰባ ላይ «ልጅቷን እኔው ራሴ ይዣት እሄዳለሁ» ብለዋል። በባረሯት ልጅ ስማቸውን ሊያጥቡ፣ ትከሻዋን አቅፈው ፎቶ ሊነሱ። ይህን ስሰማ ነው ብዕር ያነሳሁት።

7. ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምጠይቀው፦

ሀ. ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከኃላፊነታቸው እንዲነሱልኝና ወደፊትም የተማሪ ቡድን ይዘው እንኳን ባሕር ማዶ፣ እስከ አውቶቡስ ፌርማታም እንዳይሄዱ፤

ለ. በጠዋት ሰልፍ ላይ፣ በዚያን ቀን በሳቁት ልጆች ፊት፣ የተናገሯትን ቃል ሳያሳምሩ ራሳቸው ደግመው ይቅርታ እንዲጠይቋትና መልሷን ቆመው እንዲሰሙ፤ ፀሐይ ቢሆን በፀሐይ፣ ዝናብ ቢሆን በዝናብ፤

ሐ. የጉዞው ዝግጅት፣ ከነሙዚቃ ክፍሉ ቁልፍ፣ ወደ እኔ እንዲመለስ ነው።

ይህ ፍትሕ ነው ወይስ በቀል ብለው ቢጠይቁኝ ሁለቱም ነው እላለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ስትወጋ ቆሜ ያየሁ ነኝ፤ እኔም አልረሳም።

ፊርማዬን ከማኖሬ በፊት ግን አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ እርስዎን ማታለል ይሆንብኛል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ቤቴ መጥታ ነበር። አቤቱታ ላቀርብ መሆኑን ሰምታለች። ሻይ አቀረብኩላት።

«ቲ... ቲቸር፣ ይ... ይተዉት» አለችኝ። «ሰ... ሰው ሁሉ እን... እንደገና ስለ አ... አነጋገሬ ሊ... ሊያወራ ነው።»

ረጅም ጊዜ ወሰደባት። አላቋረጥኳትም፤ ቃሉንም ቀድሜ ከአፏ አልነጠቅኳትም። ጨርሳ፣ ሻይዋን ጠጥታ፣ ጉንጬን ስማኝ እስክትሄድ ሰማኋት። እውነቷን ሊሆን ይችላል።

በሩን ዘግቼ ይህን ጻፍኩ።

ለእርስዎ ብቻ ከሚገባ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የሙዚቃ መምህርቷ