ዘጠና ስድስት ካሬና አንድ ቀልድ

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለሸዋረጋ፣ ድሬዳዋ።

እንዴት ነሽ ልጄ? ሰውነትሽ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንደ ቂጣ እያገላበጠ አልጠበሰሽም? ባለፈው ራሴን ያመኛል ብለሽ ነበር፤ ተወሽ ወይ? ተማሪዎችሽስ እንዴት ናቸው፣ አንቺ ትጮኺባቸዋለሽ ወይስ እነሱ ይጮኹብሻል? መምህሩ እጮኛሽስ፣ ያ አንገቱ ከአጥር በላይ የሚታየው፣ ደኅና ነው? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ደኅና ነን። ጉልበቴ ብቻ ካንተ ጋር አልሄድም ብሎ ሸፍቷል፤ በከዘራ እያግባባሁት ነው። አያትሽ ሁለት የፊት ጥርሷን አስነቅላለች፤ ስትቆጣኝ ግማሹ ቁጣ በቀዳዳው ያመልጣታል፤ በዚህ በኩል ተጠቅሜያለሁ።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ዋናውን ነገር መጀመር ፈርቼ ነው። እንግዲህ ልናገረው። በኅዳር መጨረሻ ስለ ክርሽ የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ውሸት ነው። አልፊያ ክርሽን አልወሰደችም። አንድ ክንድ እንኳ አልወሰደችም። ክሩን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፣ የልጅቱንም ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤውን እስክትጨርሺ ድረስ እንደልብሽ ተናደጅብኝ፤ ስትጨርሺ ግን የምትሠሪልኝ ሥራ አለ።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። «ለሰርጌ አልጋ ልብስ ስንት ልቃቂት እንደሚበቃ አልፊያን ጠይቀው ይጻፉልኝ፤ ቀፊራ ገበያ ያለው ነጋዴ ይህን የሮማን ቀለም ክር ዳግመኛ አያመጣም፣ ቢያመጣም ቀለሙ አይገጥምም» ብለሽ ጽፈሽ ነበር። እኔም ታዝዤ ከአጥሩ ወዲያ ጠራኋትና ጠየቅኋት። እሷ የጎረቤታችን የጀማል ልጅ መሆኗን፣ ኪሮሽ መያዝ ለአንቺ ያስተማረችሽም እሷ መሆኗን ለአንቺ አልነግርሽም። በሰፈሩ የጠረጴዛ ልብስ፣ የትራስ ልብስ ያማረው ሁሉ ክሩን የሚያመጣው ለእሷ ነው፤ የምትኖረውም በዚሁ ነው። እና ያቺ ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ምን አለችኝ መሰለሽ? ናሙና ብለሽ ትተሽላት ከሄድሽው ልቃቂት መጀመሪያ አንድ ካሬ እንድትሠራ፣ ከዚያ ፈትታ የፈጀውን ክር እንድትለካ፣ ያንን በካሬዎቹ ቁጥር እንድናባዛ። ይህ ከመሀሉ እንደ ሽምብራ ጉብ ጉብ የሚለው አሠራር ክር ይበላል አለችኝ።

ሣቅሁባት። ሠላሳ ዓመት ሸማ የሠራ ሰው ክር ለመለካት የተሠራ ይፈታል ወይ አልኳት። ለአንድ ጋቢ የሚሄደውን ክር ፈታይዋ ደጃፍ ቆሜ በዓይኔ ብቻ እንደምናገር ነገርኳት፤ ይህን መቼም ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች፣ አንቺም ሰምተሽዋል። ከዚያ የድሮውን የትራስ ልብስሽን አወጣሁ፤ ያንን ሜዳውን፣ ምንም ጉብታ የሌለውን። የእሱ ካሬ አንድ ስንዝር ነው፣ የአዲሱም አንድ ስንዝር ነው፤ ስንዝር ያው ስንዝር ነው ብዬ አንዱን ፈትቼ በክንዴ ለካሁት። ሃያ ክንድ ሆነ። ልቃቂቱ መቶ ክንድ ነው፤ ስለዚህ ከአንዱ ልቃቂት አምስት ካሬ ይወጣል። አልጋ ልብሱ አሥራ ሁለት በአሥር፣ መቶ ሃያ ካሬ ነው። ሃያ አራት ልቃቂት አልኩና እጄን አራገፍኩ።

ልጄ፣ የሸማኔ ክር የሚሄደው ወደ ቁመትና ወደ ጎን ነው። ወደ ላይ የሚወጣ ክር በዕድሜዬ አጋጥሞኝ አያውቅም። ያ ሽምብራ የሚያህለው ጉብታ ክሩን በአንድ ቦታ አምስት ጊዜ እየመላለሰ እንደሚሠራ ቁጭ ብዬ ባይ ኖሮ ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ የማወራ እንጂ ቁጭ ብዬ የማይ ሰው አይደለሁም። ካሬ ከካሬ የሚያያይዘውን ክርማ ጭራሽ አላሰብኩትም።

ይህም አልበቃኝም። ለአንቺ ስጽፍ «አልፊያ ሃያ አራት ይበቃል ብላለች» ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩ የእኔ፣ አፉ የእሷ። «አባባ ስለ ኪሮሽ ምን ያውቃሉ» እንዳትዪኝ ነው። አንቺም አምነሽ ሃያ አራቱን ልቃቂት በባቡር ሠራተኛው በገሜዳ እጅ ላክሽ። ገሜዳ እንደ ታቦት ተሸክሞ አመጣው፤ አንድም አልጎደለም።

ልጅቱ ጥቅምትን ሙሉ ሠራች። ክሩ እንደማይበቃ ገና በሦስተኛው ቀን ነግራኝ ነበር። እኔም እጅሽን አጥብቂ፣ ትለቂዋለሽ አልኳት። አጠበቀች፤ ካሬው ጠበበ፤ ደግሞ ፈትታ ሠራችው። እንዲህ አሳሯን አሳይቻታለሁ።

የጽዮን ማርያም ዕለት ጽዋው የደረሰው በእኛ ቤት ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ተቀምጠዋል። አልፊያ መጣችና በሩ ላይ ቆማ ቀስ ብላ ክሩ አለቀ፣ ዘጠና ስድስት ካሬ ሆኗል፣ ሃያ አራት ይቀራል አለችኝ። ቀስ ብትልም ተሰማ። አያትሽ ደንግጣ ታዲያ ሃያ አራት ልቃቂት የት ገባ ብላ ጠየቀች። የሰው ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተሳስቻለሁ ማለት አንድ ቃል ነበር። እኔ ግን ጠላው ሞቅ አድርጎኛል፣ ሰው ይጠብቀኛል፣ «ለራሷም ሰርግ አልጋ ልብስ ጀምራ ይሆናላ፤ የኮልፌ ድመት እንደሆነች ክር አትበላ» አልኩ።

ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። አልፊያም ሣቀች። ከዚያ ሣቋን መሀል ላይ አቆመችውና ወደ ቤቷ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ብርቱካን፣ ያቺ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለችው፣ ግማሽ የደረሰ የጠረጴዛ ልብሷን ከነክሩ መልሳ ወሰደች። ሌሎቹም ተከተሏት። በሳምንቱ ለአልፊያ ክር የሚሰጥ ሰው ጠፋ። እናቷ ዙሀራ በአጥሩ በኩል እንደምን አደራችሁ ማለት ተወች። እሷ ካልጮኸችልን ደግሞ መንጋቱን በምን እናውቃለን።

ከዚያ አልፊያ ካሬዎቹን በአንሶላ ቋጥራ መጣች። አንድ በአንድ ፊቴ ቆጠረቻቸው። ሲያልቅ ከጉያዋ መሐረብ አውጥታ ፈታች፤ ውስጡ የጫፍ ቁርጥራጭ ነው፣ የጣት ጥፍር የሚያህል ክር፣ እሱንም ሁሉ አጠራቅማዋለች። ቁርጥራጩም ይኸው አባባ፣ እሱንም ይመዝኑት አለችኝ። እኔም ምን እንዳልኩ ልንገርሽ? «ለወፍ ጎጆ ይሆናል» አልኩ። ስትወጣ አንዱን ካሬ አንስቼ በመዳፌ ያዝኩት። ከበደኝ። የክር ክብደት እጄ ያውቃል፤ ሠላሳ ዓመት በከንቱ አልኖርኩም። ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። ገብቶኝም ሳለ በማግሥቱ ያንን ደብዳቤ ለአንቺ ጻፍኩ፣ «የልጅቱ እጅ ትንሽ ይረዝማል» ብዬ። ቀልድ አስመስዬ ነው የጻፍኩት፤ ቀልድ አይደለም።

መልስሽ የመጣ ዕለት እኔ አየር ጤና ለቅሶ ሄጄ ነበር። አያትሽ ፊደል እንደማትለይ ታውቂያለሽ። እኔ ከሌለሁ ደብዳቤ የሚነበብላት በአልፊያ ነው፤ ያን ቀንም እንደ ልማዷ በአጥሩ ጠራቻት። አልፊያም ሰፈሩ ምንም ቢላት እማማ ጠርታኝ አልቀርም ብላ መጣች። ተቀምጣ አነበበች። «ኪሮሽ ያስተማረኝ እጅ ይሰርቀኛል ብዬ አላሰብኩም፤ ከእንግዲህ ቤታችሁ አታስገቧት» ያልሽው ቦታ ስትደርስ አያትሽ ተዪው ልጄ፣ ይብቃ አለቻት። አላቆመችም። አንድ መስመር ሳትዘል እስከ ሰላምታው አነበበችው፤ በሰላምታው ውስጥ ስሟ የለም። አጣጥፋ ሰጠቻትና ወጡ እንዳያርር አማስይው እማማ ብላ ወጣች።

በአንቺ አልፈርድም፤ የፈረድሽው እኔ በነገርኩሽ ላይ ነው።

ስመለስ አያትሽ ውኃም አላቀረበችልኝ። በሩ ላይ አቆመችኝና «ሀብተሥላሴ፣ ልጅቱ ሰርቃለች ወይስ አልሰረቀችም?» አለችኝ። በአርባ ስድስት ዓመት ትዳራችን በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው። አልሰረቀችም አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ነጠላዬን ከመስቀያው አውርዳ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ሂድ ማለቷ ነው።

ጀማል ቤት ስገባ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት እጅ እግሩን እየታጠበ ውዱእ ያደርግ ነበር፤ አልቸኮለም፣ ሰግዶ እስኪመለስ ተቀመጥኩ። ከዚያ ዙሀራንም አልፊያንም አስጠራሁ። አንዱን ባለ ሽምብራ ካሬ ፊታቸው ፈታሁት፤ በክንዴ ለካሁት። ሃያ አምስት ክንድ። ከአንድ ልቃቂት አራት እንጂ አምስት አይወጣም፤ ሃያ አራት ጊዜ አራት ዘጠና ስድስት ነው። ልጅቱ ያመጣችው ልክ ያንን ነው። ጀማል ክሩን ተቀብሎ በራሱ ክንድ ደግሞ ለካው፤ ነጋዴ ነው፣ አልፈርድበትም። ጋሼ፣ አንድ ግቢ ያህል ሆነን ኖረን የለም ወይ አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ዙሀራ አለቀሰች። አልፊያ አላለቀሰችም።

«አባባ፣ እኔማ አለመስረቄን አውቀው ነበር» አለችኝ። «የማያውቁት እነሱ ናቸው። ለእነሱ ይንገሩልኝ።»

ይኸው አሥረኛ ቀኔ ነው፣ ሁለት ክር ኪሴ ይዤ፣ ሃያ ክንዱንና ሃያ አምስት ክንዱን፣ ቤት ለቤት እዞራለሁ። ቀልዴ ማንም ሳይሸከመው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ፤ እውነቱን ግን በዚህ በሸፈተ ጉልበቴ እኔው ማድረስ አለብኝ። አምስት ቤት ተሳክቶልኛል። ሁለቱ ክር እየሰጧት ነው። ብርቱካን ግን አላመነችኝም። ክሩን ሁለት ጊዜ ለካሁላት፤ ፈገግ ብላ እርስዎ መቼም ለጎረቤት አዛኝ ነዎት፣ ልጅቱን ለመሸፈን ነው አለችኝ። ከፋኝና ጮኽኩ። ሣቀች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስቀልድ ኖሬ ቁም ነገር የምናገርበት ፊት አጣሁ ልጄ። ይባስ ብላ በሌሎቹ ፊት የኔን ደግነት እያወራች ነው። ስድብ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ያልኩሽ ሥራ ይህ ነው። ለአልፊያ ራስሽ ጻፊላት፤ በእኔ በኩል ሳይሆን በስሟ፣ በጀማል ሱቅ አድራሻ። ምን እንደምትዪያት አልነግርሽም፤ ለሌላ ሰው አፍ ቃል ማቀበል ከእንግዲህ ይቅርብኝ። ለብርቱካንም ሁለት መስመር ጨምሪ። እኔን ካላመነች ተሰረቀች የተባለችውን የክሩን ባለቤት ታምን ይሆናል።

የጎደለው ክር ስምንት ልቃቂት ነው፤ ስድስቱ ለካሬው፣ ሁለቱ ለማያያዣና ለዳሩ። ያለችው አልፊያ ናት፣ ሠርታ ፈትታ ነው የለካችው፤ እኔ እጄን አላስገባሁም። ቀለሙ ካልተገኘ ምን እንደሚሻል አላውቅም። አንድ ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር፤ ዋጥኩት። ልጨርስልሽ ወይ አላለችም፤ እኔም ጨርሺ አላልኳትም። የምትጠይቂያት አንቺ ነሽ፤ እንቢ ካለችም መብቷ ነው።

አያትሽ ወለተጻድቅ እጅግ አድርጋ ትስምሻለች፤ ጥርስ የለኝምና አልናከስም በልልኝ ብላለች። አጎትሽ መኳንንት ከነሚስቱና ከነልጆቹ ሰላም ይልሻል፤ ትንሿ ልጁ እሙ መሄድ ጀምራ እንደ እኔ ግድግዳ ይዛ ነው። ገሜዳ በመጪው ባቡር ሲመጣ ሰላምታዬን ያደርስልሻል። ጀማልና ዙሀራ ሰላም በልልን ብለዋል፤ ዙሀራ ትናንት በአጥሩ በኩል እንደምን አደራችሁ አለችን፣ ድምፅዋ ግን ገና ዝቅ ያለ ነው።

አልፊያ ሰላምታ አልላከችም። ለሸዋረጋ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኋት፤ መጀመሪያ እሷ ትጻፍልኝ አለች። ከራሴ ጨምሬ «ትስምሻለች» ልልሽ ብዕሬ ደርሶ ነበር። አልላከችም።

አያትሽ፣
ሀብተሥላሴ

ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.