ሁልጊዜ አዲስ ሆና ስለምትታየው እብጠት

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የሲቲ ስካን ክፍል ኃላፊ፣

ለመሆኑ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ማሽንዎ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ጸጥ ብሏል።

ባለቤቴን ያስታውሱት ይሆናል፤ የተማሪዎች አውቶቡስ ሾፌሩ ነው። ማሽኑ ውስጥ ተኝቶ ትንፋሹን እንዲይዝ ከታዘዘ በኋላ፣ ባለሙያዎ «ይተንፍሱ» ማለቱን ቢረሳው ፊቱ እስኪጠቁር ይዞ የቆየው። ሳንባው ላይ ምስር የምታክል እብጠት ያገኛችሁት ያን ዕለት ነው። ካንሰር መሆን አለመሆኗን ለማወቅ ከወራት በኋላ ዳግመኛ ስካን ተነሥቶ ምስሎቹ መነጻጸር እንዳለባቸው፣ ካደገች እንደምታሰጋ፣ ባለችበት ከቆየች ግን ጠባሳ ልትሆን እንደምትችል በትዕግሥት አስረድታችሁናል። ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን።

ቀሪውን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ፦

፩. በቀጠሯችን ስንመጣ ኮምፒውተሩ ስለሞላ የቆዩ ምስሎች መሰረዛቸውን፣ ስለዚህም ያሁኑ «የመጀመሪያ» ተብሎ እንደሚያዝ ተነገረን። ቅጂ እንዲሰጠን ብንለምን፣ ምስል የሆስፒታሉ ንብረት ስለሆነ ከግቢ እንደማይወጣ ተገለጸልን። ንብረት አጠባበቃችሁን አደንቃለሁ።

፪. በሦስተኛውም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። እብጠቷ ባቄላ አክላ ነበር፤ ግን የምትነጻጸርበት ስለጠፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየች ባቄላ ተባለች። ባለቤቴ «ሚስቴ እንኳ እንዲህ ሁልጊዜ አዲስ ሆናልኝ አታውቅም» ብሎ ሲስቅ ሳል ያዘው። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

፫. ሐኪሙ አድጋለች ብሎ ከእብጠቷ ናሙና እንዲወሰድ ለማዘዝ ማስረጃ አጣ፤ ሌላ ቀጠሮ ሰጠን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለካ ምስል ለማያስቀምጥ ቤት አይሠራም።

ባለቤቴን ባለፈው ሳምንት ቀበርነው። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ እንባ አልመጣልኝም፤ ደንዝዣለሁ። ባልደረቦቹ የመቀመጫውን ትራስ ከአውቶቡሱ አምጥተው በር ሥር አስቀምጠውልኛል። አላነሣሁትም። ስወጣም ስገባም ተራምጄው አልፋለሁ።

ይህን ደብዳቤ፣ ኮምፒውተሩ ከመሙላቱ በፊት እንዲያነቡልኝ እጅ ነሥቼ የምለምን፣
የክፍልዎ ውለታ ዘወትር ያለብኝ፣
የሾፌሩ ሚስት

ማስታወሻ፦ ትናንት ከክፍልዎ ተደውሎ፣ የባለቤቴ የቀድሞ ምስል በዚህ ጊዜ በጥንቃቄ መቀመጡን፣ ስለዚህም ለማነጻጸሪያው ማክሰኞ እንዲመጣ ነገሩኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ለክብርዎ አይመጥንምና ትቼዋለሁ። እሱ ግን አይመጣም። እንዳዘዛችሁት ትንፋሹን ይዟል፤ አሁንም «ይተንፍሱ» ያለው የለም።