ሰማንያ አራት ሳንቲ ሜትር

ፍኖተ ሰላም አጠገብ፣ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ልጅ ለአምለሰት፤

ጉልበትሽ ዳነ ወይ? እናትሽ ያይኔአበባ «ከሁሉ በፊት ይህን ይጠይቁልኝ» ስላለችኝ ከሁሉ በፊት ጠየቅሁ። እኛ ደህና ነን። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ ወንድ ጥጃ ነው። ስልኩ ከሦስት ቀን ወዲህ አይሠራም። ቢሠራም በስልክ የምለው ነገር አይደለም። የትምህርት ቤታችሁ የስፖርት መምህር ስመኘው ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ በእጁ ልኬዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለአሠልጣኝሽም እንድታነቢላቸው እፈልጋለሁ። ስለዚህ አንቺ የምታውቂውን ነገር ደግሜ ስጽፍ ብታዪ አርጅቶ ነው አትበይ።

ባለፈው በስልክ ስንነጋገር በወሩ መጨረሻ የቴኒስ ማሠልጠኛውን ትቼ እመጣለሁ አልሽኝ። ምክንያቱን ስጠይቅሽ፣ «አሠልጣኜ ኳሱ ይወጣብኛል ብለሽ መስመር ትፈሪያለሽ አሉኝ፣ አባባ። እውነታቸውን ነው፤ ጨዋታው ሲያልቅ ሲያልቅ እጄ ይያዛል» አልሽ። እኔም «የፈራ ሰው ቤቱ ይግባ» ብዬ ዘጋሁብሽ። ያን ያልሁት የተሸነፍሽበትን ጨዋታ ሳላይ ነው። አሁን አይቼዋለሁ።

ስመኘው ኢንተርኔት ወደሚገኝበት ወደ ቡሬ ሄዶ፣ ጓደኛሽ ትሕትና የቀረጸችውን በስልኩ ይዞልኝ መጣ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠን አየነው። የገጠመችሽ ልጅ በቁመት በአንድ ራስ ትበልጥሻለች። የመጀመሪያውን ዙር ስድስት ለአራት ወሰደችው፤ ሁለተኛውን አንቺ በዚያው ልክ መለስሽ። ሦስተኛው ስድስት ለስድስት ሆኖ ወደ መለያ ሄዳችሁ። ጉልበትሽ እየደማ ነበር። ዳኛው ሊያስቆም ሲል በእጅሽ «ይቀጥል» ብለሽ ምልክት ስትሰጪ አየሁ። በመለያው ስድስት ለአምስት እየመራችሽ፣ ልታሸንፍ አንድ ኳስ ብቻ ቀርቷት ወደ መረቡ ስትመጣ፣ ኳሱን በራሷ ላይ አሳልፈሽ ከጥግ አስቀመጥሽው። ስመኘው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። እኔ አልተነሣሁም፤ ግን ከዘራዬ ከእጄ መቼ እንደወደቀ አላውቅም።

ከዚያ ኳሶችሽ ማጠር ጀመሩ። ያቺ ልጅ ወደፊት እየገባች መታቻቸው። ዘጠኝ ለሰባት አሸነፈችሽ።

«ፈራች፣ አያ ይሄይስ» አለ ስመኘው።

«መልሰህ አሳየኝ» አልሁት።

«አሁን እኮ አዩት።»

«መልሰው ብያለሁ።»

አራት ጊዜ አየሁት። ድንጉጥ ሰው ዘር ሲዘራ አይተሽ ታውቂያለሽ፤ አንዱ ቦታ ላይ ይከምራል፣ ሌላውን ይዘለዋል። የፈራ እጅ ይበትናል። ያጠሩት ኳሶችሽ ስምንት ናቸው። ስምንቱም ያረፉት በአንድ ረድፍ ነው፤ ከኋላው መስመር ሁለት ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። እያንዳንዱ የወደቀበትን በጥፍሬ እያመለከትሁ ስቆጥር ስመኘው «ስልኬን ቧጠጡት» ብሎ ተቆጣኝ። የፈራ ሰው ስምንት ኳስ እንዲህ ሊያሰልፍ አይችልም። ያን ጊዜ ሌላ ነገር ጠረጠርሁ።

አሠልጣኝሽ ይህን አያውቁትምና ልጻፈው። በወጣትነቴ የእርሻ ካምፕ ዘበኛ ነበርሁ። የውጭ አገር ባለሙያዎች ወደ አገራቸው ሲገቡ ሁለት ራኬት፣ አንድ መረብና የጨዋታውን የሕግ መጽሐፍ ትተው ሄዱ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ አማርኛ ማንበብና መጻፉንም የተማርሁት በዘበኝነቴ ነው። ያን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት ቃል በቃል እየፈታሁ ለመጨረስ ሦስት ክረምት ፈጀብኝ። አንቺ ስምንት ዓመት ሲሞላሽ ከቤታችን በስተጀርባ ሜዳ አበጀሁልሽ። እንደ አውድማ በእበት ለቅልቄ አጠነከርሁት። መንደሩ እህል የማይወቃበት አውድማ ብሎ ሳቀብኝ፤ ይሳቅ አልሁ።

ከመረቡ እስከ ኋላው መስመር አሥራ አንድ ሜትር ከሰማንያ ስምንት ይላል መጽሐፉ። ሜትር አልነበረኝም። ገበያ ላይ አቡጀዲ ሲሸጥ ሁለት ክንድ አንድ ሜትር ነው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ስለዚህ በክንዴ ሃያ ሦስት ክንድ ከአንድ ስንዝር ተኩል ለካሁና አሰመርሁ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሽ የትምህርት ቤቱን መለኪያ ይዘሽ መጣሽ። «አባባ፣ ሜዳው ያጥራል» አልሽኝ። ሜዳው ከመጽሐፉ ጋር አንድ ነው አልሁሽ። «እርስዎ ራስዎ ለክተው ይዩት» ብለሽ ጫፉን ዘረጋሽልኝ። አልያዝሁትም። ለድፍረትሽ ቅጣት ብዬ ያን ቀን መቶ ኳስ ከመስመሩ ሥር እንድታሳርፊ አዘዝሁሽ። መቶውንም አሳረፍሽ። ስታበቂ መዳፍሽ ቆስሎ ነበር፤ አላለቀስሽም። ከዚያ ወዲህ ስለ ልክ አንድ ቃል ተናግረሽ አታውቂም።

ሐሙስ ዕለት የስመኘውን ሜትር ተውሼ ለካሁት። አሥራ አንድ ሜትር ከአራት ሳንቲ ሜትር ሆነ። ደግሜ ለካሁ። በሦስተኛው እናትሽን ጫፉን ያዥልኝ አልኋት፤ ያው ነው። ከዚያ ክንዴን ለካሁት። አርባ ስድስት ተኩል ነው። በየወገኑ ሰማንያ አራት ሳንቲ ሜትር ይጎድላል ማለት ነው። እናትሽ ሜትሩን ጠቅልላ ሰጠችኝና ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትስቅ ሰማኋት።

አሁን ነገሩን አስቢው። በትክክለኛው ሜዳ ላይ ስምንት ወር ቆይተሻል። የሜዳውን ልክ ሳታውቂ አትቀሪም። መስመር ትፈሪያለሽ ሲሉሽ «አያቴ አሳስቶ አሰመረልኝ» ብትይ ይበቃ ነበር። ለእሳቸው አላልሽም። በስልክ ስዘጋብሽም አላልሽኝም። እኔ ከምዋረድ አንቺ ፈሪ መባልን ተቀበልሽ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ጎረቤታችን ወደ ቸኮለ ሄድሁ። እንደምታውቂው ሜዳው በአንድ ወገን ከእሱ ማሳ ጋር ይዋሰናል። በሃያ ዓመት ጉርብትና አንዲት ነገር ለምኜው አላውቅም።

«ከማሳህ ጫፍ ትንሽ መሬት ፈልጌ ነው» አልሁት።

«ይሄይስ ሊለምን መጣ? ቁጭ በል፤ አሞህ ይሆናል።»

«ሰማንያ አራት ሳንቲ ሜትር ነው።»

«ይቺማ ለመቃብርህም አትበቃ።»

«ለአምለሰት ሜዳ ነው። አጭር ነው።»

«ማን ነው ያሳጠረው?»

«እኔ» አልሁት።

ቸኮለ ሊስቅ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልሳቀም። «ለዚህስ ሁለት ሜትር ውሰድ» አለኝ። አመሰገንሁት። በወዲያኛው ጫፍ ስድስት እግር ጌሾ ነቀልሁ። የእናትሽ ጌሾ ነው፤ እስካሁን አኩርፋለች። ትናንት ለቅልቀን ጨረስን። ሲደርቅ በኖራ አሰምረዋለሁ፤ በሜትር።

ከዚህ በታች ያለው ለአሠልጣኝሽ ነው።

እመቤቴ፣ ይህች ልጅ መስመር አትፈራም። ሰባት ዓመት ሙሉ ኳሷን እኔ ባሰመርሁላት መስመር ሥር ስታሳርፍ ኖራለች። በጤናዋ ሳለች እናንተ ያስተማራችኋትን ታደርጋለች፤ ድካም ሲበረታባት ግን እጇ መጀመሪያ ወደለመደው ይመለሳል። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ መስመሩን ያሰመርሁት የእኔ ነው። ስምንቱን ኳሶች ራስዎ ቆጥረው ይመልከቱ። ሁለት ክንድ በማይሞላ መሬት ተሳስታ፣ ከእሷ በቁመትም በልምምድም ከምትበልጥ ልጅ ጋር እስከ ዘጠኝ ለሰባት የደረሰች ናት። ልኩ ሲስተካከልላት ምን እንደምትሆን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ይህ የምስክርነት ቃሌ ነው፤ ፈርሜበታለሁ።

አምለሰት፣ «የፈራ ሰው ቤቱ ይግባ» ያልሁሽን አንሥቻለሁ። ጨዋታው ሰልችቶሽ ከሆነ ነይ፤ ቤትሽ ነው፣ ማንም አይጠይቅሽም። ልትቆዪ ከወደድሽም ቆዪ። ምረጪ ብዬ ለልጆቼም ተናግሬ አላውቅም፤ ለአንቺ ግን ምረጪ እላለሁ። ፈሪ ነኝ ብለሽ ግን እንዳትመጪ። እኔን ለመሸፈን ብለሽም እንዳትመጪ።

የደብራችን ማርያም ከፊትሽ ትቅደም። ጉልበትሽን ታጽናልሽ፤ ለዓይንሽ ብርሃን፣ ለእጅሽ ብርታት ትስጥልሽ። በሄድሽበት ሁሉ የሚወድሽ ሰው አይጥፋብሽ።

ደብዳቤውን ለአሠልጣኝሽ ስታነቢ ጮክ ብለሽ አንብቢ። አንቺ ሰው የምትሸፍኚ ልጅ ስለሆንሽ አስቀድሜ እነግርሻለሁ፦ ቸኮለ ማን አሳጠረው ብሎ የጠየቀኝንና እኔ የመለስሁለትን ዘለሽ እንዳታልፊው።

አያትሽ
ይሄይስ ደስታው