ሃያ ስድስተኛው ድንጋይ፦ የ«ቆጣሪው» የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን ከመንገድ ሥራ ሠራተኛው አባታቸውና በእንግዳ ማረፊያ ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው፣ በ1944 ዓ.ም ከተራሮቹ ግርጌ ባለችው በዚህችው ከተማ፣ ከጣውላ መሰንጠቂያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ስማቸው በወረቀቱ ሽፋን ላይ ስላለ እዚህ አልደግመውም፤ ለምን እንደማልደግመው ዝቅ ብላችሁ ታገኙታላችሁ። የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ የሚጠራቸው «ቆጣሪው» እያለ ነው። የጻፍኩት እኔ ታናሽ እህታቸው ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል የጽዳት ኃላፊ ሆኜ ስለሠራሁ ስለ ቆሻሻ የምጽፈውን አውቄው ነው። ለቀብር የማይመች ቃል ብትሰሙ ይቅርታ አልጠይቅም። የማይመቸው ነገሩ እንጂ ቃሉ አይደለም።

አባታችን መንገድ ሲለኩ የሜትር ገመዱ በተበጠሰባቸው ቁጥር በእርምጃ ይቆጥሩ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሜን ይዘዋቸው ስለሚወጡ እሳቸውም መቁጠር ለመዱ። ከቤታችን እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ ትምህርት ቤቱ ስንት እርምጃ እንደሆነ በቃላቸው ያውቁ ነበር። የአራተኛ ክፍል አስተማሪያቸው የትምህርት ቤቱ ደረጃ ሠላሳ ስድስት ነው ብለው ሲያስተምሩ፣ ወንድሜ ተነሥተው ሠላሳ ሰባት ነው አሉ። ክፍሉ በሙሉ ወጥቶ ቆጠረ። ሠላሳ ሰባት ሆነ። ቅጽል ስሙም የዚያን ቀን ወጣላቸው፤ እስካረፉባት ማክሰኞ ድረስ አብሯቸው ኖረ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1962 ዓ.ም አጠናቀቁ። ቀጥሎ የአንድ ዓመት የቅየሳ ሥልጠና ወስደው ጥቂት ጊዜ በማዘጋጃ ቤት ሠሩ። ቢሮ መቀመጥ ግን አልሆነላቸውም። በ1966 ዓ.ም በሃያ ሁለት ዓመታቸው በተራራው ብሔራዊ ፓርክ በጥበቃ ሠራተኛነት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስከወጡም ድረስ ሌላ ሥራ አላማራቸውም።

ይህ የተራራ ሰንሰለት ሦስት ፓርኮች አሉት። በፓርኮቹ መካከል ደግሞ መንገድም፣ ቤትም፣ የስልክ እንጨትም የሌለባቸው ሁለት ጠፍ የዱር ቦታዎች አሉ። በ1971 ዓ.ም ወንድሜ «ረጅሙ» ከሚባሉት የሥራ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ሰንሰለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራቸው አቋረጡት። አርባ አንድ ቀን ፈጀባቸው። ያላዩት ጅረት፣ ያልጻፉት ገደል አልነበረም። ለስድስት ቀን ጉም ወርዶባቸው አንዱ የሌላውን ጀርባ በገመድ ይዞ ሄደ። የተራራ ፍየሎች ሰው አይተው ስለማያውቁ ተጠግተው ያዩዋቸው ነበር። በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ከእኛ በፊት የሰው እግር አልረገጠውም ባሉት ሸለቆ ውስጥ፣ ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ አገኙ። ረጅሙ ሳቁ። ወንድሜ ግን አልሳቁም፤ ቆርቆሮውን አጥበው ተሸክመው ቤት ድረስ አመጡት። በመደርደሪያ ላይም አስቀመጡት። ሰው ሲጠይቃቸው የዚያን ሸለቆ ውበት አይናገሩም፤ ቆርቆሮውን ነው የሚያሳዩት። ለነውር የነበራቸው ዓይን ለውበት ከነበራቸው ይበልጥ ነበር። በዚህ እኔም እሳቸውን ነው የምመስለው።

በ1973 ዓ.ም የስልክ ቤት ኦፕሬተር ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሴት ልጅና ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ቆርቆሮውን ሦስት ጊዜ ጥለውታል፤ ሦስቱንም ጊዜ ተመልሶ መደርደሪያው ላይ ተገኝቷል። ትዳራቸው ሰላማዊ ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም።

አሁን ወደ ድንጋዮቹ ልምጣ፤ የወንድሜ ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ነውና። ከላይኛው የጥበቃ ጎጆ እስከ ታችኛው መግቢያ በር ባለው መንገድ፣ ወንድሜና ባልደረቦቻቸው በየሦስት መቶ እርምጃው አንዳንድ ድንጋይ አቆሙ። አርባ ድንጋይ ነው። ቁጥር አልጻፉበትም። ድንጋይ ላይ ቀለም መቀባት ለእነሱ አለት ላይ እንደ መትፋት ነበር። ጠባቂ የሚያድረው ላይኛው ጎጆ ስለሆነ፣ ቀኑንም የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ፣ ድንጋዩን ከላይ ወደ ታች ይቆጥራል። ይህን የማያውቅ ጠባቂ የለም። በፓርኩ ቢሮ ያለ ሰው ግን ከበሩ ነው የሚነሣው፤ ከታች ወደ ላይ ይቆጥራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁለቱ ወገኖች ስለ ድንጋይ አብረው አውርተው ስለማያውቁ ይህ ልዩነት ለማንም አልታየም።

ምንጩ ያለው፣ በጠባቂ አቆጣጠር፣ አሥራ ስምንተኛው ድንጋይ ላይ ነው። ይህች ከተማ የምትጠጣው እሱን ነው። በ2002 ዓ.ም ቢሮው ለጎብኚዎች መጠለያና ሽንት ቤት ሊሠራ አስቦ ወንድሜን ቦታ አስመረጣቸው። ሁለት ሳምንት ዞረው፣ አፈሩን ቆፍረው አይተው፣ ከምንጩ በታች ስምንት ድንጋይ ወርደው ደህና ቦታ አገኙ። በሪፖርታቸውም ላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው «ሃያ ስድስተኛው ድንጋይ ላይ ይሠራ» ብለው ጻፉ። ከየት እንደሚቆጠር አልጻፉም።

በ2003 ዓ.ም ባለቤታቸው ታመሙ። ወንድሜ ፈቃድ ወስደው አምስት ወር ከአልጋቸው ሥር አልጠፉም፤ በእጃቸው አጉርሰው፣ በእጃቸው አጥበው፣ በመጨረሻም ቀበሯቸው። ወደ ሥራ ሲመለሱ ግንባታው አልቆ ተመርቋል። ቆጥረው ወጡ። ግንበኛው ከበሩ ጀምሮ ሃያ ስድስት ቆጥሮ ነበር። በጠባቂ አቆጣጠር አሥራ አምስተኛው ድንጋይ ማለት ነው፤ ከምንጩ ሦስት ድንጋይ በላይ።

በማግስቱ ቢሮ ሄደው ለሥራ አስኪያጁ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ከየት እንደሚቆጠር አልጻፍኩም፣ አፍርሱት አሉ። ሥራ አስኪያጁ በጣም ደግ ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጧቸው። የግንባታው ሪፖርት ለበላይ አካል መሄዱን፣ ሪባኑ መቆረጡን ነገሯቸውና እንዲህ አሏቸው፦

«ጋሼ፣ ሰው እኮ ወዶታል። ከዚያ ላይ ተቀምጦ ሐይቁ ፍንትው ብሎ ይታያል።»

ወንድሜ ይህንን ሲነግሩኝ ለሦስት ሳምንት አላናገርኳቸውም። እውነቱን ልናገር፦ የተናደድኩት በሥራ አስኪያጁ ብቻ አልነበረም፤ በእሳቸውም ነበር። የትምህርት ቤት ደረጃ ያረመ ሰው እንዴት አንዲት ቃል ይረሳል? ዝናቡ ሲጀምር ግን ንዴቴ ወደ ሌላ ዞረ። የሆስፒታሉ አንሶላ የሚቆጠረው በእኔ እጅ ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ፣ ክረምት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሕፃናት ክፍል የሚወርደው የቆሸሸ አንሶላ እጥፍ ይሆናል። ምን ዓይነት ቆሻሻ እንደሆነ እናቶች ታውቁታላችሁ። ለሐኪሙ ነገርኳቸው፤ በአንሶላ ማስረጃ አይቀርብም አሉኝ። እኔ ግን ያንን ሽታ ከእጄ ላይ በሳሙና ማስለቀቅ አቃተኝ።

በ2004 ዓ.ም ወንድሜ በጡረታ ተሰናበቱ። ቢሮው በስንብታቸው ቀን ሽልማት ሰጣቸው። ሽልማቱ በመጠለያውና በሽንት ቤቱ በር ላይ የተሰቀለ የናስ ሰሌዳ ሲሆን፣ ሙሉ ስማቸው ከእነአባታቸው ተቀርጾበታል። አባታችን በሕይወት ቢኖሩ በመዶሻ ይነቅሉት ነበር። ስማቸውን እዚህ ያልደገምኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን አሥራ ሁለት ዓመታት ወንድሜ አላረፉም። በየዓመቱ ዝናብ ሳይጀምር አካፋ ይዘው ወጥተው፣ ቆሻሻው ወደ ምንጩ እንዳይወርድ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሰባ እርምጃ ቦይ ይቆፍሩ ነበር። ጎብኚ ተደናቀፈ ተብሎ ቦዩ ይደፈናል፤ በዓመቱ መልሰው ይቆፍራሉ። የውሃውን ንጽሕና የሚመሰክር ወረቀት እንዲፈርሙ ተጠይቀው እንቢ ብለዋል። ለምርመራ የተላከው ናሙና ከየት እንደተቀዳ እንዳልጽፍ ቃል ስለገባሁ፣ ከሽንት ቤቱ በላይ መቀዳቱን አልጽፍም።

በ2011 ዓ.ም፣ በስድሳ አንድ ዓመቴ፣ እኔም አብሬያቸው ወጣሁ። ተራራው እንደሚያወሩለት ነው፤ ጫካው፣ ንሥሩ፣ ከታች የሚያበራው ሐይቅ፣ ሁሉም አለ። መጠለያው ጋ ስንደርስ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሽንት ቤት ያሳጠብኩት እኔ አፍንጫዬን ያዝኩ። በየቁጥቋጦው ሥር ያገለገለ ወረቀት ተሰክቷል። የሕፃን ዳይፐር እንደተጠቀለለ አለት ላይ ተቀምጧል፤ ዝንቡ ከመብዛቱ የተነሣ ጥቁር ይመስላል። ከግንቡ ሥር የሚንጠባጠበው ነገር ሣሩን አልፎ፣ ድንጋዩን አረንጓዴ አድርጎ፣ ዝም ብሎ ወደ ታች ይሄዳል። ምንጩ ጋ አንዲት ጎብኚ ተንበርክካ በላስቲክ ጠርሙስ ትቀዳለች። «ንጹሕ የተራራ ውሃ!» እያለች ፎቶ ታነሣለች። ቁርሴን እዚያው መለስኩት። ወንድሜ ለሴትዮዋ ቀስ ብለው አስረዷት፤ እሷም ደግ ሽማግሌ ናቸው ብላ ፎቶ አነሣቻቸው። ጠርሙሱን አልደፋችውም።

ከስምንት ወር በፊት ልባቸው ደከመ፤ እግራቸው አበጠ፣ መራመድም አቃታቸው። ሴት ልጃቸውና እኔ ተራ እየገባን አስታመምናቸው። በዚህ ዓመት ቦዩን የሚቆፍር ሰው አልነበረም፤ የሚያሳስባቸውም እሱ ነበር እንጂ ሞት አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ቀና አድርጊኝ ብለው የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ አዘዙኝ። እኔም እሺ፣ ይህን ያደረጉትን ሰዎች ሁሉ በስማቸው እየጠራሁ እጽፋለሁ አልኳቸው። በእንቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንቺ፣ ንዴትሽን ለራስሽ ያዢው» አሉኝ። «ጥፋቱን ጠቅልለሽ ለእኔ ስጪኝ። ሰዎቹ ማፍረስ ያቃታቸው አፍረው ነው። ጥፋተኛው ከሞተ የሚያፍር የለም፤ ያፈርሱታል።»

ይህንን ስሰማ ሽንት ቤቱን ካየሁበት ቀን ይበልጥ አንገሸገሸኝ። ሐቀኛው ሰው ጥፋቱን ተሸክሞ እንዲቀበር፣ ሌላው ንጹሕ ሆኖ እንዲሄድ ሊደረግ ነው ብዬ ተሟገትኳቸው። ወንድሜ በሕፃናት ክፍል ስንት አንሶላ እንደነበር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ቃል ገባሁ። ስለ ቢሮው የጻፍኳቸውን ሁለት ገጾች ትናንት ቀድጃቸዋለሁ። ያመለጠኝ ካለ ጋሼ ይቅር ይበሉኝ፤ ምላሴን እስከ መጨረሻው መያዝ አልቻልኩም።

ቢሮው ትናንት በሾፌር ከአበባ ጋር አንድ ገጽ ልኮልኛል። እዚህ እንዳነበው ነው። መጠለያው የስማቸው ዘላለማዊ መታሰቢያ እንደሆነ ይናገራል። አበባውን ተቀብለናል፤ እናመሰግናለን። ገጹን አላነበውም። በምትኩ የሟቹን ኑዛዜ፣ ከፊት ወንበር የተቀመጡት ሥራ አስኪያጅ ባሉበት፣ ሕዝቡ እየሰማ አነባለሁ፦

ሽንት ቤቱ ከምንጩ በላይ የተሠራው በወንድሜ ስህተት ነው። ከየት እንደሚቆጠር አልጻፉም። ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ ነው፤ የግንበኛውም፣ የቢሮውም፣ የሥራ አስኪያጁም አይደለም። ጥፋተኛውን ዛሬ እንቀብራለን። ከእንግዲህ ለማፍረስ የሚያፍር ሰው የለም። ክረምት ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ማፍረስ ቢዘገይ እንኳ ቦዩ ሰባ እርምጃ ነው፤ አካፋው በራችን ላይ ቆሟል።

ወንድማችን ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲረዱ ቆይተው፣ ማክሰኞ ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት፣ የሦስት የልጅ ልጆች አያት፣ የአንዲት ተናዳጅ እህት ታላቅ ወንድም ነበሩ። በሕመማቸው ወቅት ለጠየቃችሁን፣ ዛሬም ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰባቸው ምስጋናውን ያቀርባል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ንጹሕ ውሃ ባለበት፣ ከበላያቸውም ማንም በማይሠራበት ቦታ ያሳርፍልን።