እትዬ ፈንታነሽ ከቀኝ በኩል

ሰኞ፣ መጋቢት 4

ሁለት ክፍል አስተማርሁ። ማርከሩ ደርቋል። ሌላ ስጠይቅ «በቅጽ ይጠይቁ» ተባልሁ። ለአንድ ማርከር ሦስት ፊርማ!

ከሰዓት ስብሰባ። የግቢው የባህል ሳምንት ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ። ሚያዝያ 20 ይከፈታል። የሥዕል ዐውደ ርእዩን እኔ እንድመራ ወሰኑ። አምና ሥዕሎቹን በፕላስተር ለጥፈዋቸው በማግሥቱ ግማሾቹ ወለል ላይ ነበሩ። ሰው ረግጧቸው ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። «የምመራው ከሆነ በወግ ይሠራል» አልሁ።

ከዚያ ዶክተር ብርሃኑ፣ የባህል ማዕከሉ ኃላፊ፣ በሰው ፊት፦ «መምህር ደሞዜ፣ እርስዎስ አንድ ሥዕል አያቀርቡም? የሰው ሥራ መንቀፍ ብቻ እስከ መቼ?»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «አቀርባለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ለሰው ካሳየሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ምን ነክቶኝ ነው አቀርባለሁ ያልሁት?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9

ጋፋት፣ እኅቴ ቤት። እትዬ ፈንታነሽን ለመሣል ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ነበር። እናታችን ስትሞት ሰባት ዓመቴ፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ሌላ ማንን እሥላለሁ?

«እኔን? ምን ሠርቼ? ቅድስት አይደለሁ፣ ንግሥት አይደለሁ።»

«ዝም ብለው ይቀመጡ፣ ይበቃል።»

«ዝም ብዬ አልቀመጥም። ምስሬን እለቅማለሁ።»

በራፉ ላይ ተቀምጠው ሰፌዳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። በግራቸው በኩል ልቆም ስል ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «እዚያው ሁን፣ ብርሃን አትከልክለኝ!» እውነትም የቀኙ ጎን ይበልጣል። ግንባር፣ አፍንጫ፣ አገጭ… አንድ መሥመር ሆኖ ይወርዳል። እንዴት እስከ ዛሬ አላየሁትም?

ልጃቸው ማሬ ሰፌዱን ተቀብላ ምስሩን እንደገና ለቀመች። «እማ ጠጠሩን ትታ ምስሩን ነው የምትጥለው» ብላ ሳቀች። እትዬ አልሳቁም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 19

ተማሪዎች ለዐውደ ርእዩ ያመጡትን አየሁ። ከአርባው ዘጠኙ ይሰቀላል። ትእዛዝ የምትባለው ልጅ ቅርጫት የሚሠሩ ሴት ሥላ መጣች። ፊቱ ጥሩ ነው። እጁ ግን…

«ይኸ እጅ ነው ጓንት?»

«እጅ ነው፣ መምህር።»

«አይተሻቸዋል ሴትዮዋን?»

«ጎረቤታችን ናቸው እኮ። በየቀኑ አያቸዋለሁ።»

«በየቀኑ ማየት ማየት አይደለም። ሂጂና እይ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንጀቴ አልራራም። እንዲህ ካልተባለች አትማርም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 28

አለቀ። ሦስት ቅዳሜ ተቀምጠውልኛል፤ የቀረውን ቤት ጨረስሁት።

በጨርቅ ሸፈንሁት። ገለጥሁት። እንደገና ሸፈንሁት። የነጠላው ጥለት ላይ ያለው ብርሃን፣ ዝቅ ያለው የዓይን ቆብ… ጥሩ ነው። ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው ይኸ ነው። ጥሩ ካልሆነስ? ሃያ ሁለት ዓመት ራሴን ሳታልል ኖሬ እንደሆነስ?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 16

ስቀላ። ሜትር ይዤ እያንዳንዱን ሥዕል ለካሁ። ሁሉም በአንድ ቁመት። ጥበቃው «መምህር፣ ሁለት ጣት ቢዛነፍ ማን ያውቃል?» አለኝ። እኔ አውቃለሁ! የፕላስቲክ አበባ አምጥተው በየጥጉ ሊያቆሙ ነበር፤ አስወጣሁት።

የእኔን መሐል ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። ከሥሩ «እኅቴ» ብዬ ጻፍሁ።

ማሬ ደወለች። «እማ ለዓርብ ቀሚስ አሰፍታለች። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታለች።» ሥዕሉን ገና አላዩትም። ሲሰቀል ያዩታል ብዬ ነበር የከለከልኋቸው… ምነው ባሳየኋቸው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 20

በሥርዓቱ ልጻፈው።

አዳራሹ ሞላ። ከባሕር ዳር የመጡት እንግዳ ከሥዕሌ ፊት ቆመው የጥለቱን ብርሃን አዩ፤ ከዚያ እጄን ጨበጡኝ። ብርሃኑ ሮጦ መጣ፦ «የመጽሔታችን ሽፋን ይኸ ነው! አለቀ!» ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ?

እትዬ አምስት ሰዓት ላይ ከማሬና ከጎረቤታቸው ከአሰለፈች ጋር በባጃጅ መጡ። አዲሱን ቀሚስ ለብሰው። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ከሥዕሉ ፊት ቆሙ። ጠጋ አሉ። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዩ።

አሰለፈች ናት የጀመረችው። «ኧረ አንደኛው ዓይኗ የታለ?»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ይኸ እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ምን በደልሁህ?»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። ማሬ ተከተለቻቸው። ድምፅ ማጉያው ከበላዬ ይጮሃል። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። ተናደድሁ። በእሳቸው ተናደድሁ! በእንግዳ ፊት…

ትእዛዝ አጠገቤ ቆማ ነበር።

«መምህር… በፈተና ጠይቀውን ነበር እኮ።»

«ምኑን?»

«በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን ነው ብለው።»

«እና?»

«ይሁዳ። ሰይጣን። ጌታን የሰቀሉት። እኔ ‹ክፉዎች› ብዬ ብጽፍ ‹በስም ጥሪ!› ብለው ግማሽ ሰጡኝ።»

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 21

አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርሁት ነገር። ደጎቹ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይን። ክፉዎቹ ከጎን፣ አንድ ዓይን። ራሴ አስተምሬ፣ ራሴ ፈትኜ፣ ብሩሹን ስይዝ ረሳሁት። ለራሴ እኅት ሲሆን ረሳሁት።

ጠዋት እንዲህ ስል ነበር፦ ከጎን መሣል በዓለም ያለ ነው። የብርሃን ጉዳይ ነው። እሳቸው ስለማያውቁ ነው።

ግን ለእኔ መጀመሪያ ያስተማረኝ ማን ነው? አዲስ አበባ የተማርሁበት ትምህርት ቤት አይደለም። እትዬ ናቸው። ትንሽ ልጅ ሆኜ እጄን ይዘው በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ሲያዞሩኝ፦ «ይኸን አትሳለመው፤ አንድ ዓይና ነው።»

እና አሁን በአዲስ ቀሚስ መጥተው ራሳቸውን ከእነዚያ ጋር አገኙት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 22

ማሬ ደወለች። እትዬ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም። እኔ እስከማውቀው በሕመምም ቀርተው አያውቁም። «እዚያ ግድግዳ ሥር ቆሜ ሰው ያየኛል» አሉ። አሰለፈች ለአገሩ አዳርሳዋለች፦ «ወንድሟ ከይሁዳ ጋር ቆጠራት።»

«አጎቴ፣ ያውርዱት።»

«አወርደዋለሁ።»

«መቼ?»

ዐውደ ርእዩ ሊዘጋ ገና ሁለት ሳምንት አለው። ሥዕሉ… ሥዕሉ ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ ሁለተኛ አይወጣኝም። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 24

ብርሃኑ ቢሮ።

«አይወርድም። ሽፋኑ ማተሚያ ቤት ገብቷል። ደግሞ ይኸ የአንድ ዓይን ነገር ለባላገር ነው፤ እኛ ዩኒቨርሲቲ ነን።»

ባለፈው ወር ቢሆን ይህን የምለው እኔ ነበርሁ። ቃል በቃል። ከእሱ አፍ ስሰማው አስጠላኝ።

«ባላገሯ እኅቴ ናት» አልሁት።

«እኅትዎን ያስረዱ።»

«ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው።»

አዳራሽ ገብቼ ራሴ አወረድሁት። መዶሻውን ጥበቃው ያዘልኝ። ብርሃኑ ከበሩ ላይ፦ «በኮሚቴ ይጠየቃሉ!» ይጠይቀኝ። ግድግዳው ላይ ምስማሩና «እኅቴ» የሚለው ወረቀት ብቻ ቀረ። ወረቀቱን ተመልሼ ነቀልሁት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 28

ሸራውን በአንሶላ ጠቅልዬ ጋፋት ወሰድሁት። እትዬ ከጓዳ አልወጡም። በበራፉ ቆሜ ተናገርሁ።

«እትዬ፣ እንደገና እሥልዎታለሁ። ፊት ለፊት። በዚሁ ሸራ ላይ።»

ከጓዳ፦ «ያንንስ?»

«አጠፋዋለሁ።»

ወጡ። እያዩ ነጭ ቀለም ከፈትሁ። ግንባራቸውን ለመጨረሻ ተውሁት። አጠፋሁት። ጥለቱንም፣ ያን ብርሃንም። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

«አሁን ነጠላዎን ያውርዱና ወደ እኔ ይዩ።»

አላወረዱም። «ይቅር፣ ደሞዜ። በቃ፣ ታርቄሃለሁ።»

«እማ፣ ይየው እንግዲህ» አለች ማሬ። ድምፅዋ ሌላ ሆነብኝ።

አወረዱት።

የግራ ዓይናቸው ነጭ ነው። ብሌኑ ላይ ወተት የፈሰሰ ይመስላል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አምና ጾም ሲያዝ። ቀኙም ደክሟል።»

ያን ሁሉ ቅዳሜ! ከሁለት ክንድ ርቀት! ዓይኔን ጨፍኜ ነው ስሥል የነበረው? የሰፌዱን ጠጠር አይቻለሁ። ነጠላውን ሲስቡ አይቻለሁ። የጥለቱ ብርሃን አማረኝና…

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ የሥራ ሰው ነህ። ደግሞ እንዳታይብኝ ነበር የተከለልሁት።» ነጠላቸውን አጣጥፈው፦ «የራሴው እየጠፋ ነው። በሥዕሉ እንኳ ሁለት ይኖረኛል ብዬ ነበር።»

ለተማሪዋ «ሂጂና እይ» ያልሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 7

ሆስፒታል ወሰድኋቸው። ሐኪሙ በመብራት አየና፦ «የዓይን ሞራ ነው፤ ይነሣል።» ዓርብ ቀጠረን።

«ይሳካል?»

«ብዙ ጊዜ ይሳካል።»

«ብዙ ጊዜ ማለት ስንት ጊዜ ነው?»

«አባቴ፣ እርስዎ መምህር ነዎት መሰለኝ» አለኝ። እትዬ ከት ብለው ሳቁ። ከዐውደ ርእዩ ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ዛሬ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 9

ትእዛዝን ጠራኋት። የሴትዮዋን እጅ እንደገና ሥላዋለች። አሁን እጅ ነው። ነገርኋት። አላመነችኝም፤ «ምን ጎደለው?» አለችኝ። ምንም አልጎደለው አልሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 11

ገቡ። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል ተባልን። ሃምሳ ደቂቃ ሆነ። ማሬ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትጸልያለች። እኔ የኮሪደሩን ንጣፍ እቆጥራለሁ፤ አንዱ ተዛንፎ ተነጥፏል… ባይሳካስ? ሸራው እቤት ነው። ፊቱን ጨርሻለሁ፣ ቀኝ ዓይናቸውንም። የግራው ቦታ ባዶ ነው። የማያየውን ብሥል ያሳዝናቸዋል፤ የሚያየውን ብሥል ውሸት ነው።

ወጡ። ፋሻ። ነገ ይፈታል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 12

ከኮሚቴው ደብዳቤ መጥቷል። ኪሴ ውስጥ ነው፣ አልከፈትሁትም።

ነርሷ ፋሻውን ፈታች። እትዬ መጀመሪያ እጃቸውን አዩ፣ ገለባበጡት። ከዚያ ማሬን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው፣ አልሳቡትም። ፊት ለፊት አዩኝ።

«አንተ! እንዲህ ሸብተሃል?»

«ከሸበትሁ ቆየሁ እኮ።»

«ማንም አልነገረኝም።»

ከሰዓት ጋፋት፣ በራፉ ላይ። ሸራውን አቆምሁ። እትዬ ሰፌዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ምስሩን ይለቅማሉ፤ ጠጠሩን አንድ በአንድ ወደ ማሬ እየወረወሩ። እሷ እየጮኸች ትሸሻለች።

ብሩሹን ይዤ ተቀመጥሁ። ባዶውን ቦታ አየሁ፣ እሳቸውን አየሁ።

«ምን ትጠብቃለህ? ሣል እንጂ!»

«ይቆዩ፣ እትዬ። መጀመሪያ ልይ።»